ሹፌሩ ወይስ መኪናው? የእሽቅድምድም ሻምፒዮንን የሥራ ዘመን አጣርቶ መመዘኛ

ከጅማ ቡና ጭነው ወደ አዲስ አበባ የሚወጡ ሁለት ሹፌሮች አሉ እንበል። አንደኛው አዲስ ኤፍ ኤስ አር ይዞ የግቤን አቀበት ያለ ችግር ይወጣና ቀድሞ ይገባል፤ ሁለተኛው ያረጀ ፊያት እየነዳ፣ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሞ ውኃ እየጨመረ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ይደርሳል። ማንኛቸው የተሻለ ሹፌር እንደሆነ ቢጠየቅ የሄርማታ መርካቶ ጫኝና አውራጅ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መኪናው ነው። የፎርሙላ ዋን፣ ማለትም የዓለም ከፍተኛው የመኪና እሽቅድምድም፣ ሻምፒዮኖች ስም ሲነሳ ግን ይኸው ሰው ጥያቄውን ይረሳውና «ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ይበልጣል» ብሎ ክርክሩን ይዘጋል። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ስዘጋ ኖሬያለሁ።

የሻምፒዮን ዋንጫ እንደ ጀንፈል ነው። ጀንፈል የሚገዛ ነጋዴ ጆንያውን በሚዛን ላይ አውጥቶ ብቻ አይረካም፤ ገለባው ሲነሳ ምን ያህል ንጹሕ ቡና እንደሚወጣው አስቀድሞ ይገምታል። ከአንድ አሽከርካሪ የሥራ ዘመን ላይ የመኪናውን፣ የቡድኑን፣ የነጥብ ደንቡንና የዕድሉን ድርሻ አንሥቶ የሰውየውን ድርሻ ለማየትም ተመሳሳይ ግምት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የማቀርበው በጊዜ ብዛት የተለማመድኩትን አሠራር ነው።

ለዚህ ሥራ ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ እርሳስና ውጤት የሚታይበት ስልክ ይበቃሉ። ውድድሩን በቀጥታ መመልከት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የአውሮፓ ውድድሮች የሚጀምሩት እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ስለሆነና በዚያው ሰዓት የእንግሊዝ ኳስ ስለሚኖር፣ የጅማ ቡና ቤት ባለቤት ለሁለት ሰው ብሎ የሃያ ሰው ኳስ ይዘጋል ተብሎ አይጠበቅም። ባለቤቱም እውነት አለው። ስለዚህ አሠራሩ ሳያዩም ከውጤት ሰንጠረዥ የሚሠራ መሆን ይኖርበታል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

በመጀመሪያ ለሚመረምሩት አሽከርካሪ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ መስመር ይስጡና ዓመቱን፣ ቡድኑን፣ የቡድን ጓደኛውን፣ የተወዳደረበትን ብዛት፣ ያሸነፈውንና ያቋረጠውን በየዓምዱ ይጻፉ። ያቋረጠበትን ዓምድ ለሦስት ይክፈሉት፤ በመኪና ብልሽት ከሆነ «መ»፣ በራሱ ስሕተት ከሆነ «ስ»፣ በሌላ አሽከርካሪ ጥፋት ከሆነ «ሌ» ይበሉ። ይህ ክፍፍል ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የኔን ደብተር ለዓመታት ያበላሸው ግን የእርሱ አለመኖር ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ በዚያ ዓመት ነጥብ እንዴት ይሰጥ እንደነበር ያረጋግጡ፤ ምክንያቱም ሻምፒዮና የሚወሰነው በነጥብ ሲሆን የነጥቡ ደንብ ደግሞ በየዘመኑ ተቀያይሯል። የዓለም ሻምፒዮናው በ1950 ሲጀመር አሸናፊው 8 ነጥብ ያገኝ ነበር፤ በ1961 ወደ 9፣ በ1991 ወደ 10፣ በ2010 ደግሞ ወደ 25 ከፍ ብሏል። ከዚህ የሚብሰው እስከ 1990 ድረስ የአንድ አሽከርካሪ ውጤት በሙሉ አለመደመሩ ነው፤ የተወሰኑት ጥሩ ውጤቶቹ ተወስደው ሌሎቹ ይጣሉ ነበር።

ይህ ደንብ ምን ያህል እንደሚያደርስ ለማየት 1988ን በእርሳስ መሥራት ይበቃል። በዚያ ዓመት አይርተን ሴናና አሌን ፕሮስት ሁለቱም የማክላረን አሽከርካሪዎች ነበሩ፤ ቡድኑም ከ16 ውድድሮች 15ቱን አሸነፈ። ፕሮስት 7 ጊዜ አንደኛ፣ 7 ጊዜ ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ 9፣ ሁለተኛ 6 ነጥብ ስለነበር 63 እና 42 ተደምሮ 105 ይሆናል። ሴና 8 ጊዜ አንደኛ፣ 3 ጊዜ ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ አራተኛ፣ አንድ ጊዜ ስድስተኛ ወጣ፤ ድምሩ 94 ነው። ይሁን እንጂ የሚቆጠሩት 11 ጥሩ ውጤቶች ብቻ ስለነበሩ ከፕሮስት ላይ ሦስት ሁለተኛነቶች፣ ማለትም 18 ነጥብ፣ ተቀንሰው 87 ቀረው፤ ከሴና የተቀነሰው 4 ብቻ ስለሆነ በ90 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ። በዛሬው የነጥብ አሰጣጥ ቢሰላ ደግሞ በጣሊያኑ የሞንዛ ውድድር ለአሥረኛነቱ የሚሰጠው አንድ ነጥብ ተጨምሮለት እንኳ ሴና 275፣ ፕሮስት 301 ይሆኑ ነበር። ታዲያ ፕሮስት ተበደለ ማለት ነው? አይመስለኝም። ሁለቱም ደንቡን እያወቁ ነው የገቡት፤ ሁለተኛነት የማይቆጠርለት ሰው ደግሞ ለአንደኛነት ራሱን አደጋ ላይ ቢጥል አይፈረድበትም። ከዚህ ስሌት የምንወስደው ዋንጫው ብቻውን በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት እንደማይነግረን ነው።

ከዚያ በኋላ ያሸነፈውን ለተወዳደረበት ያካፍሉ። በ1950 የሻምፒዮናው ውድድሮች 7 ነበሩ፤ በ2024 ደግሞ 24። ስለዚህ የድል ብዛትን ከዘመን ዘመን ማወዳደር የማይወዳደረውን ማወዳደር ነው። ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ በ51 ውድድሮች 24 ጊዜ አሸንፏል፤ ይህም 47 በመቶ ነው። ጂም ክላርክ በ72 ውድድር 25፣ ማለትም ወደ 35 በመቶ ገደማ። ሚካኤል ሹማከር በ306 ውድድር 91፣ ሉዊስ ሃሚልተን እስከ 2024 መጨረሻ በ356 ውድድር 105 ሲያሸንፉ፣ ሁለቱም ወደ 30 በመቶ ይጠጋሉ።

እዚህ ላይ የሹማከርን መስመር ሁለት ቦታ እንዲቆርጡት እመክራለሁ። እስከ 2006 ያለው ብቻ ሲወሰድ ድሉ ከ36 በመቶ ይበልጣል። ከሦስት ዓመት ዕረፍት በኋላ ተመልሶ ከ2010 እስከ 2012 ለመርሴዲስ በነዳባቸው 58 ውድድሮች አንድም ጊዜ አላሸነፈም፤ ያገኘው በ2012 በቫሌንሲያ ሦስተኛነትን ብቻ ነው። ሁለቱን ዘመን ደባልቆ አንድ ቁጥር ማውጣት ሁለቱንም ይሸፍናል። በፋንጂዮ በኩል ደግሞ በዚያ ዘመን አንድ አሽከርካሪ መኪናው ሲበላሽበት የቡድን ጓደኛውን መኪና ተቀብሎ መቀጠል ይችል እንደነበርና ከ24ቱ ድሎቹ ሁለቱ ከሌላ ሰው ጋር የተጋራቸው መሆናቸውን በዳር ማስፈር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። በፎርሙላ ዋን እያንዳንዱ ቡድን ሁለት አሽከርካሪ አለው፤ ሁለቱም በአመዛኙ አንድ ዓይነት መኪና ይይዛሉ። ከላይ ያነሣነው ኤፍ ኤስ አርና አሮጌው ፊያት ችግር የሚፈታው እዚህ ነው፤ አንድ ሹፌር በሌላኛው እጅ ያለውን ያንኑ መኪና ይዞ ምን እንደሠራ ማየት ይቻላል። በዚህ ምክንያት የቡድን ጓደኛ ዓምድ ከዋንጫው ዓምድ ይበልጣል እላለሁ።

ሦስት ዓመቶችን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። በ2004 ሹማከር ከ18 ውድድሮች 13 ሲያሸንፍ በዚያው ፌራሪ ሩቤንስ ባሪኬሎ 2 አሸነፈ። በ2014 ሃሚልተን 11፣ ኒኮ ሮዝበርግ 5። በ2023 ማክስ ቨርስታፐን ከ22 ውድድሮች 19 ሲያሸንፍ ሰርጂዮ ፔሬዝ 2። በሦስቱም ዓመት መኪናው ከሌሎች እጅግ የላቀ ነበር፤ «መኪናው ነው» የሚለው ሰው አልተሳሳተም። ነገር ግን ያው መኪና በአንዱ እጅ 19 በሌላው 2 ሲያመጣ የቀረው 17 ከመኪናው አልመጣም። በአንጻሩ በ2014 ልዩነቱ የጠበበው ሃሚልተን ስለደከመ ሳይሆን ሮዝበርግ ከባድ ሰው ስለነበረ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባል፤ ሮዝበርግ ከሁለት ዓመት በኋላ በ2016 በ385 ለ380 ነጥብ ሻምፒዮን ሆኗልና። የቡድን ጓደኛው ራሱ ማን እንደሆነ ሳይመዝኑ መቅረት የተለመደ ስሕተት ነው። ሃሚልተን በ2007 ገና በመጀመሪያ ዓመቱ የሁለት ጊዜ ሻምፒዮን ከነበረው ፈርናንዶ አሎንሶ ጋር እኩል 109 ነጥብ ይዞ መጨረሱን ብዙ ሰው የሚያነሣው ስለዚሁ ነው።

የቡድን ትእዛዝም አለ። በ2002 በኦስትሪያ ባሪኬሎ ሲመራ ቆይቶ በመጨረሻዋ ቀጥታ ላይ ሹማከርን እንዲያሳልፍ ታዝዞ አሳለፈ። እንዲህ ያለውን ድል ሲመዘግቡ በላዩ ላይ ምልክት ያድርጉ። የቅዳሜው የመነሻ ቦታ ማጣሪያ ከዚህ ዓይነቱ ትእዛዝ የጸዳ በመሆኑ ለንጽጽር ከእሑዱ ውድድር ይልቅ የሚታመንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለ ደብተሬ ጥፋት የምናገረው አሁን ነው። ሃሚልተን ከ2010 እስከ 2012 በማክላረን ከጄንሰን በተን ጋር ሦስት ዓመት ነዳ። የነጥብ ድምራቸው በተን 672፣ ሃሚልተን 657 ነው። እኔም ያቋረጣቸውን ውድድሮች በሙሉ «ወጣ» ብቻ ብዬ ጽፌ ስለነበር፣ ድምሩን ይዤ ቡና ቤት ገባሁና «ይኸው፣ በተን ይበልጠዋል» አልኩ። አጠገባችን የተቀመጠ አንድ መካኒክ፣ እጁ ላይ ግራሱ ገና ያልለቀቀ፣ ማኪያቶውን እያማሰለ «ለምን ወጣ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የጠረጴዛውን ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ፤ ሳምንቱንም 2012ን እንደገና ስጽፍ ሰነበትኩ።

ውጤቱ ይህ ነው። በስፔን ሃሚልተን በማጣሪያው ፈጣኑን ሰዓት አስመዝግቦ ሳለ ቡድኑ በቂ ነዳጅ ሳይሞላለት ስለቀረ ወደ መጨረሻው ቦታ ተወረወረ፤ ከ24ኛ ተነሥቶም 8ኛ ወጣ። በሲንጋፖር እየመራ ካምቢዮው ተሰበረ። በአቡ ዳቢ እየመራ የነዳጅ ሥርዓቱ ተበላሸ። በብራዚል እየመራ ኒኮ ሁልክንበርግ ተንሸራትቶ ገጨው። እንግዲህ ሲመራ ከነበረባቸው ከእነዚህ ሦስት ውድድሮች ሁለቱ «መ»፣ አንዱ «ሌ» ናቸው። እንደዚያም ሆኖ ዓመቱን በ190 ለ188 ነጥብ ከበተን ቀድሞ ጨርሷል። ያ መካኒክ ትክክል ነበር፤ ሆኖም ደብተሩ የበተንንም ሐቅ አልደበቀም፤ በ2011 የሃሚልተን መስመር ላይ «ስ» በርከት ያለ ሲሆን በተን በዚያ ዓመት 270 ለ227 በልጦታል። ሰውየው በአንድ ዓመት ራሱን ጎድቶ በሌላው ዓመት በሌሎች የተጎዳ መሆኑ በአንድ ድምር ውስጥ ሊታይ አይችልም።

ቡድን መምረጥም ከችሎታ ይቆጠራል ወይ የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። እኔ ይቆጠራል ባይ ነኝ፤ ለዚህም ምስክሬ ፋንጂዮ ነው። አምስት ዋንጫውን በአልፋ ሮሚዮ፣ በመርሴዲስ፣ በፌራሪና በማዜራቲ አገኘ፤ በ1954 እንዲያውም ዓመቱን በማዜራቲ ጀምሮ በመርሴዲስ ጨረሰ። የትኛው መኪና እንደሚያሸንፍ ያውቅ ነበር የሚሉት ለወቀሳ ነው፤ ነገር ግን ዕውቀቱ ከየት መጣ? በአርጀንቲና ባልካርሴ በምትባል ከተማ ከልጅነቱ ጀምሮ ጋራዥ ውስጥ የሠራ መካኒክ ነበር። በ1940 ከቦነስ አይረስ እስከ ሊማ ደርሶ መልስ በሸቭሮሌት ተወዳድሮ ሲያሸንፍ መንገዱ አንዲስን የሚያቋርጥ ኮረኮንች ነበር፤ መኪናው ቢበላሽም የሚጠገነው እዚያው መንገድ ላይ ነው። የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ ያገኘው በ40 ዓመቱ ሲሆን በ1957 በጀርመኑ የኑርቡርግሪንግ መሮጫ ረጅም ጊዜ ለጎማና ለነዳጅ ቆሞ ከተነሣ በኋላ ከፊቱ የነበሩትን ሁለት የፌራሪ ወጣቶች ይዞ ሲያልፍ 46 ዓመቱ ነበር። ሞተር በድምፁ የሚለይ ሰው የሚነዳውን መኪና ቢመርጥ ዕድለኛ ብቻ አይባልም።

ከፎርሙላ ዋን በፊት ያለውን ዘመን በአንድ ገጽ መጨረስ ይቻላል። የዘመናችን ሻምፒዮኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም በልጅነታቸው በካርቲንግ፣ ማለትም በትንንሽ ክፍት መኪኖች እሽቅድምድም፣ ጀምረዋል፤ የሹማከር አባት በጀርመን ኬርፐን የካርት መሮጫ ያስተዳድሩ ነበር፤ ሃሚልተን በ8 ዓመቱ ጀምሮ በ13 ዓመቱ በማክላረን ድጋፍ ሥር የገባ ሲሆን ወጪውን ለመሸፈን አባቱ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ሥራ ይሠሩ ነበር። በዚህ ገጽ ላይ የሚፈለገው ገንዘቡን ማን እንደከፈለ ነው።

በአደጋ የተቋረጠ ዘመን ሲገጥምዎ ደግሞ ከማካፈል ይቆጠቡ። ኒኪ ላውዳ በነሐሴ 1976 በኑርቡርግሪንግ በእሳት ተቃጥሎ ከሞት አፋፍ ተመለሰ፤ ሁለት ውድድር ብቻ አምልጦት በስድስት ሳምንት ውስጥ ሞንዛ ላይ ተሰልፎ 4ኛ ወጣ። በመጨረሻው የጃፓን ውድድር ዝናቡ ስለበረታ አደጋውን አልቀበልም ብሎ በገዛ ፈቃዱ ወረደ፤ ሻምፒዮናውንም በ69 ለ68 በጄምስ ሃንት ተነጠቀ። ይህ ማቋረጥ «መ» አይደለም፣ «ሌ»ም አይደለም፤ «ስ» ብሎ መጻፍ ደግሞ ለእኔ ነውር ነው። አራተኛ ፊደል ሊያስፈልግ ይችላል። በ1984 ግን ይኸው ሰው ፕሮስትን በግማሽ ነጥብ፣ በ72 ለ71.5፣ በልጦ ሦስተኛ ዋንጫውን ወሰደ። ግማሿ ነጥብ የመጣችው ፕሮስት ያሸነፈው የሞናኮ ውድድር በዝናብ ሳቢያ በአጭሩ ተቋርጦ ከ9 ነጥብ 4.5 ብቻ ስለተሰጠው ነው፤ ውድድሩ እስከ መጨረሻው ሄዶ ሁለተኛ እንኳ ቢወጣ 6 ነጥብ አግኝቶ ሻምፒዮን ይሆን ነበር።

መኪኖች በየተራ እየተነሡ በሰዓት የሚወዳደሩበትን ራሊ ለሚወዱ ሰዎች አሠራሩ ጥቂት ይለወጣል። የአጋሮን መንገድ አስፋልት ከመሆኑ በፊት የሚያስታውስ ሰው እንደሚረዳው፣ በጠጠር መንገድ ቀድሞ የሚነሣው መኪና ልቅ ጠጠሩን ለተከታዮቹ እየጠረገ ይሄዳል፤ ስለዚህ የመነሻ ተራን የሚያሳይ ዓምድ ይጨምሩ። ሁለተኛውን ወንበር የሚይዘውንም አብሮ ነጂ ስም አይዝለሉ፤ መታጠፊያውን ከማስታወሻ እያነበበ የሚነግረው እርሱ ነውና። ሰባስቲያን ሎብ ከ2004 እስከ 2012 በተከታታይ ዘጠኝ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በሲትሮይን መኪና ከዳንኤል ኤሌና ጋር ነው። አንድ መኪና፣ አንድ አብሮ ነጂ ስለሆነ ለመለየት ያስቸግራል። በ2022 ግን በ47 ዓመቱ በፎርድ፣ ኢዛቤል ጋልሚሽን አጠገቡ አስቀምጦ የሞንቴ ካርሎ ራሊን አሸነፈ፤ ያቺ አንዲት መስመር ከዘጠኙ ዋንጫ ያላነሰ ትናገራለች። ከጎረቤታችን ለመጀመር የሚፈልግ ደግሞ የኬንያውን ሳፋሪ ራሊ አምስት ጊዜ፣ በ1973ና ከ1979 እስከ 1982፣ ያሸነፈውን ሼካር ሜህታን ቢወስድ ጥሩ መለማመጃ ያገኛል።

ለጀማሪ የምሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ግን 1958 ነው። በዚያ ዓመት ስተርሊንግ ሞስ 4 ውድድር፣ ማይክ ሆውቶርን 1 ውድድር አሸነፉ፤ ሻምፒዮን የሆነው በ42 ለ41 ሆውቶርን ነው። በፖርቱጋሉ ውድድር ሆውቶርን መኪናው ተሽከርክሮ ቆመና ሲያስነሣው ከውድድሩ አቅጣጫ በተቃራኒ ነድቷል ተብሎ ሊሰረዝ ሲል፣ «የነዳው በእግረኛ መንገዱ ላይ እንጂ በመሮጫው ላይ አይደለም» ብሎ የመሰከረለት ተፎካካሪው ሞስ ነበር። ሆውቶርን የሁለተኛነቱን 6 እና ለፈጣኑ ዙር የሚሰጠውን 1 ነጥብ እንደያዘ ቀረ። የሚቆጠሩት 6 ጥሩ ውጤቶች ስለነበሩ ያ 7 ቢሰረዝበት በቦታው የአርጀንቲናው 4 ይገባና 42ቱ ወደ 39 ይወርድ ነበር። ሞስ ከ1955 እስከ 1958 አራት ጊዜ በተከታታይ ሁለተኛ ወጥቶ አንድም ዋንጫ ሳይወስድ ሥራውን ጨረሰ። በደብተሩ ውስጥ ይህን የሚያስገባ ዓምድ የለኝም፤ በኔ ደብተር ላይ በገጹ ኅዳግ በእርሳስ ተጽፎ ይገኛል።